ከድንበርተኛ ጋር የሚዞር ወሰን፦ የቤተሰብን መሬት በእግር የመዞር መመሪያ

ጥር 2011 ነበር። አባቴ ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል። ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ወዳለው የትውልድ መንደሬ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት "ኑ፣ የአያታችሁን መሬት ላሳያችሁ" ብዬ ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ጥግ ጥጉ ላይ እየቆምኩ ፎቶ አነሳለሁ፣ በስልኬም እለካለሁ። ብዙም ሳንቆይ የድንበርተኛችን ልጅ በሩጫ መጣ። "ምን ልታደርጉት ነው?" አለኝ። ሰላምታ አላስቀደመም። ገጠር ውስጥ ሰው ሰላም ሳይልህ ወደ ጉዳዩ ከገባ ነገር አለ ማለት ነው።

ለካ መንደሩ ሁሉ "ከተሜው መሬት ሊለካ መጣ" እያለ ነበር። መሬት እንደማይሸጥ ሁሉም ያውቃል። ግን ሊያከራይ ነው፣ ለባለሀብት ሊሰጥ ነው፣ ድንበር ሊያስነሳ ነው... ወሬ መቼም እግር አለው።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ወሰን ብቻውን የሚዞር ሰው የሚያየው የራሱን ጎን ብቻ ነው። መስመሩ ያለው በሁለት ሰዎች መሀል ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ሁሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ወሰን የሚዞረው ከድንበርተኛ ጋር ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ዞሬያለሁ፤ አሁን ቤተሰቡ በየዓመቱ የሚጠብቀው ሽርሽር ሆኗል።

መቼ ይሻላል

ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ። አዝመራው ተሰብስቧል፣ ማሳው ባዶ ነው፣ ከብቱ ቃርሚያ ላይ ተሰማርቷል። ድንበሩ ራቁቱን ይታያል። ጥቅምትና ኅዳር መልካቸው ያምራል፤ ግን ጤፉና ስንዴው እንደቆመ ነው፣ በእግራችሁ የምትረግጡት ደግሞ የሰው እንጀራ ነው። ክረምትን እርሱት። ዋልካ ጫማችሁን አስቀርቶ ነው የሚለቃችሁ።

በበጋ ግን ያው ዋልካ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እግር የሚያስገባ ነው፤ ልጆች ካሉ አስጠንቅቁ። ከማለዳው 1 ሰዓት ተነስታችሁ 4 ሰዓት ላይ ብትጨርሱ ይበቃል። አካባቢው ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ፀሐዩ ሳትሰሙት ያቃጥላል፣ ዳገቱም የከተማ ሰው ትንፋሽ ይፈትናል። መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ መቼም አይነገራችሁም።

ደብተሩን አንብቡ

ከመሄዳችሁ በፊት የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ፈልጉ። በአማራ ክልል ይህ ደብተር መሰጠት የጀመረው በ1995 ነው። የባልና ሚስት ስምና ፎቶ አለበት። ቀጥሎ እያንዳንዱ ማሳ ተዘርዝሯል፤ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ማን እንደሚያዋስነውም ተጽፏል። ለእናንተ ወርቁ ይሄ ነው። የጉዟችሁ የስም ዝርዝር እዚያ ላይ አለ።

አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው የምዝገባ ሥራ ተከናውኗል። እዚያ ከአየር በተነሣ ፎቶ ላይ ማሳው ተሰምሮ፣ ካርታ ያለው ማረጋገጫ ተሰጥቷል። እሱ ካላችሁ ኮፒውን ያዙ። ዋናውን ከቤት አታውጡ! ነፋስ ቢወስደው ደግማችሁ ለማውጣት ወራት ይፈጅባችኋል።

ስታነቡ የምታገኟቸው አዋሳኞች ግማሾቹ በሕይወት ላይኖሩ ይችላሉ። "ምሥራቅ፦ እገሌ" የተባለው ማሳ ዛሬ በልጁ ወይም በምራቱ እጅ ሊሆን ይችላል። በእርሳስ አስተካክላችሁ ሌላ ወረቀት ላይ ገልብጡት። ደብተሩ ላይ ግን ምንም አትጻፉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን "ይህ ወሰን የቅድመ አያቴ ነው" እንላለን። ላይሆን ይችላል። ጎጃም ውስጥ በድሮው የርስት ሥርዓት መሬቱ የሚቆጠረው ከአቅኚው አባት፣ መጀመሪያ ካቀናው ሰው ነበር፤ ዘር እየተቆጠረ ይከፋፈላል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና መሬት የሕዝብ ሆነ። በ1989 ደግሞ በክልሉ ብዙ ቦታ ሽግሽግ ተደረገ፤ ከአንዱ ተቆርሶ ለሌላው ተሰጠ። ስለዚህ ዛሬ የቆማችሁበት ድንበር ከእናንተ በዕድሜ ሊያንስ ይችላል። የቀድሞው መስመር ምናልባት በጎረቤት ማሳ መሀል ያልፍ ይሆናል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ታሪክ ለማወቅ ብቻ አይደለም። "የአያቴ ድንበር እዚያ ማዶ ነበር" የሚል ቃል ከአፋችሁ እንዳያመልጥ ነው። የከተማ ሰው ያን ቀልድ ብሎ ቢናገረው አዳሜ ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደውም። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም የሚባለው በከንቱ አይደለም።

ለማን፣ እንዴት ትነግራላችሁ

ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት። መሬቱን የሚያርሰው ሰው መጀመሪያ ይስማ። ወንድማችሁ ይሁን፣ በእኩል (ምርቱን ተካፍሎ) የሚያርስ ሰው ይሁን፣ እሱ ሳያውቅ ማሳው ላይ መታየት ነውር ነው። ዝናቡንም ድርቁንም የተሸከመው እሱ ነው።

ከዚያ ወደ ድንበርተኞቹ ሂዱ። ራሳችሁ ሂዱ፣ ልጅ አትላኩ። እኔ አሁን የምለው እንዲህ ነው፦ "ልጆቼ አገራቸውን እንዲያውቁ ነው። የሚለካ የለም፣ የሚነሳም የለም። ቅዳሜ ጠዋት አብረውን ቢዞሩና ድንጋዮቹን ቢያሳዩን ደስ ይለናል።" ሦስት ነገር አለበት፦ ለምን እንደመጣችሁ፣ ምን እንደማታደርጉ፣ እነሱ አስተማሪ እንደሚሆኑ። የመጨረሻው ፊት ይፈታል። ስኳር ወይም ቡና ይዞ መሄድ ጥሩ ነው፤ የጉቦ ያህል እስኪመስል ግን አታብዙት።

አዛውንቶችን አትርሱ። ሴቶችን ደግሞ በተለይ። ወንዶች ድንበሩን የሚያውቁት በሞፈር ነው፤ ሴቶች የሚያውቁት በመንገድ ነው። አክስቴ ያሳየችኝ አንድ ጥግ ነበር። "እዚህ ብሳና ሥር ነው ለአራሾች ምሳ የማወርደው። ከዛፉ ወዲያ ያለው የነሱ ነው" አለችኝ። አጎቴ ስለዛፉ አንዴም አንስቶ አያውቅም።

የሚያዝ ነገር

ዱላ (ለውሻም ለዳገትም)፣ ኮፍያ፣ ውኃ፣ ቆሎ፣ እርሳስና ወረቀት፣ 50 ሜትር ገመድ። ጫማችሁ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ይሁን። ገመዱን ቦርሳ ውስጥ ደብቁት፤ ለምን እንደሆነ ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ሲያስፈልግ አስፈቅዳችሁ ታወጡታላችሁ።

አሁን መዞር

ከሁሉም የምትስማሙበትን አንድ ጥግ ምረጡ። ወንዝ ዳር ያለ ቋጥኝ፣ ትልቅ ዋንዛ፣ የመንገድ መታጠፊያ። ከዚያ ተነስታችሁ ማሳውን በቀኛችሁ ወይም በግራችሁ አድርጋችሁ ዞራችሁ እዚያው ትመለሳላችሁ። ድንበርተኛው ከድንበሩ ወዲያ፣ እናንተ ወዲህ ሆናችሁ ጎን ለጎን ብትራመዱ ጥሩ ነው። ማንም ሳይናገረው ሁለታችሁም በየራሳችሁ መሬት ላይ ናችሁ። ወሬውም ይደምቃል።

ምን ታያላችሁ? መጀመሪያ ሣሩን። በሁለት ማሳ መሀል ያልታረሰች ቀጭን መስመር አለች፤ ሰርዶ የያዛት። ድንበር ማለት እሷ ናት። ስፋቷን እዩ። አንድ ቦታ ሁለት ክንድ ሆና ሌላ ቦታ አንድ ስንዝር ከቀረች፣ አንዱ በኩል ማረሻ በልቷታል። ድንበር መግፋት በአንድ ቀን አይደረግም። በየዓመቱ አንድ ትልም ነው። ሂሳቡን ሥሩት፦ በዓመት አንድ ስንዝር፣ ማለትም 20 ሴንቲሜትር ብትሄድ፣ በ10 ዓመት 2 ሜትር ነው። ጎኑ 50 ሜትር በሆነ ማሳ ላይ 100 ካሬ ሜትር ሄደ። ያየ ሰው የለም። ገፊውም አንዳንዴ አያውቀውም፤ በሬው ያዘነበለበት ሄዶ ነው።

ቀጥሎ መሬቱን። ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ ድንበሩ ጋ ደረጃ ታያላችሁ። ከላይኛው ማሳ አፈሩ በየእርሻው እየወረደ ሣሩ ላይ ይቆማል፤ ከታችኛው ማሳ ደግሞ እየተቆረሰ ይሄዳል። ከጊዜ ብዛት የጉልበት ቁመት ያለው ግንብ ይመስላል። እንዲህ ያለ ደረጃ ካያችሁ መስመሩ ረጅም ዓመት ከቦታው አልተነሳም ማለት ነው። ከየትኛውም ወረቀት ይልቅ እኔ እሱን አምናለሁ።

ከዚያ ድንጋዩን። አጎቴ ያስተማረኝን ላሳያችሁ። ምዕራብ ጥጋችን ላይ አንድ ድንጋይ አለ፣ የሰው ራስ የሚያህል። ጎንበስ ብሎ አቧራውን በመዳፉ ጠረገው። ላዩ ላይ ግራጫና ብጫ ክብ ክብ ነገር ተለጥፏል፤ የድንጋይ ሽበት የሚባለው። "ይሄ ፀሐይና ነፋስ ካላገኘው አይወጣም፤ ለመውጣትም ዓመታት ይፈልጋል" አለ። ቀጥሎ አፈሩን በጣቱ ጫር ጫር አደረገና የድንጋዩን ወገብ አሳየኝ። ከአፈር በታች ያለው ጠቆር ብሎ ንጹሕ ነው፣ ሽበት የለውም። መስመሩ ልክ አፈሩ በሚነካው ቦታ ላይ ነው። "ተነስቶ ቢሆን ሽበቱ ተጋድሞ ወይም ተቀብሮ ታገኘው ነበር።" የተቀበረ ሽበት፣ ወይም ፀሐይ ላይ የወጣ ጥቁር ወገብ፣ ድንጋዩ መገላበጡን ይናገራል። ልጄ ከዚያ በኋላ ያገኘችውን ድንጋይ ሁሉ ስትመረምር ዋለች።

ተክል ደግሞ አለ። ሬት፣ ቅንጭብ፣ ቁልቋል፣ አልፎ አልፎ ብሳና። ሬት በተከታታይ መስመር ከቆመ ሰው የተከለው ነው። ለብቻው የበቀለ አንድ ዛፍ ግን ምስክር አይሆንም፤ ወፍ ጥሎት ሊሆን ይችላል። ባሕር ዛፍ ድንበር ላይ ካያችሁ ወሬውን ቀይሩት። ጥላው የማን፣ ሥሩ የማንን ውኃ ይጠጣል የሚለው ክርክር ካለ እናንተ በግማሽ ቀን አትፈቱትም።

ውኃውንም እዩት። ጎጃም ውስጥ ማሳ ላይ በማረሻ የሚወጣ የውኃ መውረጃ ፈሰስ ይባላል። ፈሰሱ የት ነው የሚወጣው? ድንበርተኛ ማሳ ላይ ከሆነ ክረምት ላይ ጠብ አለ ማለት ነው። ድንበራችሁ ቦረቦር ወይም ትንሽ ወንዝ ከሆነ ደግሞ በየክረምቱ መንገዱን ይቀይራል፤ "እስከ ወንዙ" የሚለው ቃል ራሱ ይንቀሳቀሳል። እንዲህ ባለ ቦታ ከወንዙ ዳር ራቅ ያለ ድንጋይ ወይም ቋጥኝ ላይ ተስማሙ።

በመንገዳችሁ የሚሠራ ሰው ካገኛችሁ "እግዜር ያበርታ" ሳትሉ አትለፉ። አውድማ ካለ ዞራችሁ እለፉ።

መለካት ካማራችሁ

እርምጃ ይበቃል። ቤት ደጅ ላይ 50 ሜትሩን ገመድ ዘርጉ፣ እንደልማዳችሁ ሦስት ጊዜ ተራመዱት፣ አማካዩን ያዙ። እኔ 68 እርምጃ ነኝ። ማሳ ላይ አንዱ ጎን 75 እርምጃ ቢሆንብኝ 55 ሜትር ገደማ ነው። ሌላው ጎን 46 ሜትር ከሆነ 2,530 ካሬ ሜትር ወጣ። ጥማድ ሲባል ብዙ ጊዜ ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ ጥማድ ናት። ተቃራኒ ጎኖቹ እኩል ካልሆኑ አማካያቸውን ውሰዱ።

ስልክስ? ለመዝናናት ጥሩ ነው፣ ለዳኝነት ግን አይሆንም። የስልክ ጂፒኤስ ገላጣ ቦታ ላይ እንኳ ከ3 እስከ 5 ሜትር ሊስት ይችላል፤ ዛፍ ሥር ይብሳል። ሰዎች የሚጣሉበት ድንበር ስፋቱ አንድ ክንድ ነው! የማሽኑ ስሕተት ከጠቡ ይሰፋል። "ስልኬ እዚህ ነው ያለኝ" ብላችሁ ሽማግሌ ፊት አትቁሙ። ስልኩ የሚጠቅመው ለፎቶ ነው።

መስመሩ ቀጥ ያለ መሆኑን ማየት ከፈለጋችሁ ሦስት ዱላ በቂ ነው። ሁለት ልጆች ሁለት ጥግ ላይ ዱላ ይዘው ይቁሙ። ሦስተኛው መሀል ላይ ዱላ ይዞ ይቁም፤ አንዱ ጥግ ላይ ያለው ልጅ እያየ የመሀሉ ዱላ የማዶውን እስኪጋርደው ያስተካክለው። ልጆች በዚህ ይፈነድቃሉ።

በነገራችን ላይ፣ በምኒልክ ዘመን መሬት የሚለካበት ገመድ ቃላድ ይባል ነበር። በቃላድ የተለካው መሬት የሚቆጠረው ደግሞ በጋሻ ነው፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ። እናንተ የምትዞሩት ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

ድንጋይ ከጠፋ ወይም ጭቅጭቅ ከተነሳ

አትንኩ። የወደቀ ድንጋይ እንኳ ቢሆን ብቻችሁን አታንሱት። ሁለቱም ወገን ቆሞ፣ ሦስተኛ ሰው እያየ ካልሆነ በስተቀር። የድንበር ምልክት መንቀል በመጽሐፍም የተረገመ ነው፤ ዘዳግም 27 ላይ አለ፣ ምሳሌ 22ም ይከለክለዋል። ሽማግሌዎች ይህን ሲጠቅሱ ሰምቻለሁ፣ ሁሌም ጎረቤታቸውን እያዩ ነው የሚጠቅሱት።

ድምፅ ከፍ ካለ ዙሩን አቁሙና "ዛሬ ለዚህ አልመጣንም" በሉ። ነገሩ እውነተኛ ከሆነ መጀመሪያ ለሽማግሌ፣ ካልሆነ ለቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ይነገራል። ደብተሩ ሲሰጥ ከአዋሳኞች ጋር ማሳ ለማሳ የዞሩት እነዚህ ኮሚቴዎች ናቸው፤ ያን ቀን ያስታውሳሉ። ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው። የምታደርጉት ሁሉ መሬቱን ለሚያርሰው ሰው ጠብ አትርፎለት እንዳይቀር። እናንተ እሁድ ትመለሳላችሁ፣ እሱ እዚያው ነው።

ልጆቹ እንዲያስታውሱ

እንግሊዞች ይህን ነገር በዓል አድርገውታል። በዕርገት ሰሞን ካህኑና ምእመናኑ የአጥቢያቸውን ወሰን ዞረው የድንበር ምልክቱን በዘንግ ይመታሉ። ቀደም ባለው ጊዜ ካርታ ስላልነበረ ልጆችን ይወስዱ ነበር፤ ቦታውን እንዳይረሱት ድንጋዩ ላይ ያጋጯቸው ወይም ይገርፏቸው ነበር። ለንደን ታወር አጠገብ ያለ ጥንታዊ ደብር አንዱ ወሰኑ ቴምዝ ወንዝ መሀል ስለሆነ በጀልባ ሄደው ውኃውን ይመታሉ።

እኔ ልጆቼን አልገርፍም። ግን ሐሳቡ ገብቶኛል፦ አንድ ድንጋይ፣ አንድ ትዝታ። በየጥጉ አንድ ነገር እናደርጋለን። አንዱ ጋ ቆሎ እንበላለን። አንዱ ጋ ትንሹ ልጄ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ፎቶ ይነሳል፤ በየዓመቱ ያው ቦታ፣ ያው አቀማመጥ። አንዱ ጋ ወድቆ ጉልበቱን ላጠው። እሱን ጥግ ማንም አይረሳውም።

ማሳው ብዙ ቦታ የተበታተነ ከሆነ፣ እንደኛ አራት ቦታ ከሆነ፣ ይሄ ለሽርሽር በረከት ነው። አራቱን በአንድ መንገድ አያይዟቸው፤ ምንጩ ጋ እረፉ፣ በቤተክርስቲያኑ በኩል ተሻገሩ። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ደስ የሚል ጉዞ ይወጣዋል። ጮቄ ተራራን በሩቁ እያያችሁ።

ከዞራችሁ በኋላ

ቡናው ሲፈላ ሁሉም እዚያው እያሉ ጻፉት። ከአንዱ ጥግ ጀምራችሁ፣ በዞራችሁበት ቅደም ተከተል፣ "ከዚህ ድንጋይ እስከዚያ ቋጥኝ፣ ድንበርተኛ እገሌ" እያላችሁ። ትንሽ ሥዕል ጨምሩበት። ፎቶ ስታነሱ ድንጋዩን ብቻ አታንሱ። ከድንጋዩ ላይ ቆማችሁ ሁለት ሩቅ ነገሮች በአንድ መስመር የሚገጥሙበትን አቅጣጫ ፈልጉ፤ ለምሳሌ የቤተክርስቲያኑ ጉልላት ከኮረብታው ጫፍ ሥር ሲገባ። ሌላ አቅጣጫም እንዲሁ። ሁለቱ የሚገናኙበት ነጥብ አንድ ብቻ ነው፤ ድንጋዩ ቢጠፋ እንኳ ቦታው ይገኛል።

ከዚያ ኮፒውን ለድንበርተኛው ስጡት። ለራሳችሁ ብቻ አታስቀሩት። ያኔ በሩጫ መጥቶ "ምን ልታደርጉት ነው?" ያለኝ ልጅ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና አንድ ቦታ በእርሳስ አረመልኝ። ልክ ነበር። "እስከ ብሳናው" ብዬ ጽፌ ነበር፤ እሱ "ከብሳናው ሥር እስካለው ድንጋይ" አደረገው። ባለፈው ጥር ስንሄድ ብሳናው ተቆርጦ ለማገዶ ሆኗል። ድንጋዩ እዚያው ነው።